ጫጩት የሚችለውን ያህል

ዓሣ እወዳለሁ ብዬ አልዋሽም። ሽታው እስከ ዛሬ አይጥመኝም፤ ባለቤቴ ስትጠብሰው ከቤት እወጣለሁ። ዓሣ ማርባት የጀመርኩት ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ነው። በጋብቻ የደረሰኝ መሬት ከምንጩ ሥር ያለ ረግረግ ነው። ሽንኩርት ብተክልበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ማሽላ ብዘራበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወደ ጀማ ወንዝ ሲወረድ እንዲህ ያለ መሬት ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂቱ ለእኔ ደረሰ። እኔ የግሼ ሰው ነኝ፤ ከራቤል በላይ ካለው ብርድ። እዚያ የማውቀው ገብስና በግ ነበር። እዚህ ቆላ ከወረድኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ዛሬም የምጠራው «መንዜው» እየተባልኩ ነው። ግሼ ሌላ፣ መንዝ ሌላ ብዬ ማስረዳቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ከወረዳ የምትመጣ የዓሣ ባለሙያ አለች። ዕድሜዋ የልጄ ነው፤ ያንን ቁልቁለት በሞተር ትወርደዋለች። ረግረጉን ዞራ አየችና ይሄ መሬት የሚፈልገው ኩሬ ነው አለችኝ። የሚፈልገውን እስከዚያ ቀን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አመንኳት። እኔና ባለቤቴ በጋውን ሙሉ ቆፈርን። ባለሙያዋ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ አመጣችልን፤ ፉርሽካና ፋጉሎ እያበላን አሳደግነው።

ኩሬ ግን በረግረግ ውሃ ብቻ አይኖርም። ከላይ ከምንጩ ንጹሕ ውሃ እየገባ፣ ከታች እየወጣ መሆን አለበት። ምንጩ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ነው። በእኛ ዘንድ ውሃ እንዲሁ አይጠለፍም፤ የውሃ አባት የሚባሉ፣ ሰፈሩ የመረጣቸው ሽማግሌ አሉ። ውሃው በየትኛው ቀን ለማን እንደሚሄድና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ቃላቸው ከፍርድ ቤት ይበልጣል፤ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለው። ለኩሬዬ ሁለት ዓመት ፈቀዱልኝ። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከውሃ ተካፋዮቹ ጋር መጥተው ያያሉ። ለመጪው ዓመት የሚተካ ጤነኛ የዓሣ ጫጩት ካገኙ ውሃው ይቀጥላል። ካላገኙ ከእኔ በታች ላለው ሽንኩርት ተካይ ይሰጣል። ነገሩ ይኸው ነው። ውሃው ከሄደ ያ መሬት ተመልሶ ረግረግ ነው፤ ረግረግ ደግሞ ማንንም አያበላም።

በመጀመሪያው ዓመት ትልልቆቹ ዓሦች ታመሙ። ጎናቸውን ከድንጋይ ጋር ያሻሹ ጀመር፤ ክንፋቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣባቸው። ባለሙያዋ መድኃኒት አመጣች። ሲያዩት እንደ ባሩድ ጥቁር ነው፤ ውሃ ሲነካው ወይን ጠጅ ይሆናል። ስሙን ፐርማንጋኔት ትለዋለች። ባለቤቴ «ወይን ጠጁ» ብላ ገላገለችን። ባለሙያዋ በሚዛን ለክታ በትንንሽ ወረቀት ቋጠረችው፤ አንዱ ቋጠሮ ለአንድ በርሜል የኩሬ ውሃ። ዓሦቹን ከአሮጌ አጎበር በሰፋነው መረብ እያወጣን በርሜሉ ውስጥ አቆየናቸው፤ ከዚያ ወደ ኩሬው መለስናቸው። ጥቂት ተወራጭተው ዝም አሉ። በሳምንቱ ጥጡ ለቀቃቸው። አንድም አልሞተ። ያ ጥሩ መሆኑ ነው የጎዳኝ።

በሁለተኛው ዓመት፣ የውሃ አባት ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ጥጡ ጫጩቶቹ ላይ ወጣ። ጫጩት ስል ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ነው። ከትልልቆቹ ለይተን በአጎበር በከለልነው የኩሬው ጥግ ነበር የምናሳድጋቸው። ስልክ አስደወልኩ፤ ባለሙያዋ መጣች። ቋጠሮዎቹን ሰጠችኝና በወረቀት ጻፈችልኝ። ለጫጩት የአንዱ ቋጠሮ ግማሽ። ውሃው የኩሬው ይሁን። መንፈራገጥ ከጀመሩ ሰዓት ሳይጠብቁ ማውጣት። ጫጩት የትልቁን አይችልም፤ ቆዳው ገና ነው፣ መተንፈሻው ገና ነው አለች። ካልተሻላቸው ከሦስት ቀን በኋላ ደውልልኝ፣ በራስህ አትጨምር አለችኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ፊደል ዘግይቶ የገባው ሰው መጥፎ አመል አለው። ያነበበውን ለሁሉም ያነባል፤ ካነበበው ደግሞ ያደረገው ይመስለዋል። ያቺን ወረቀት ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ለሽንኩርት ተካዩ ሳይቀር አነበብኩለት። እሱ ማንበብ አይችልም፤ እኔም ያነበብኩለት ለዚያ ነበር። «መንዜው ደግሞ ለዓሣ ዳዊት ይደግማል» ብሎ ሳቀብኝ። ባለቤቴ አልሳቀችም። አንድ ጊዜ ሰማችና ያዘችው።

ሐሙስ ዕለት፣ አንድ ነገር ቢሆን ሁሉም እንዳያልቁብን፣ ጫጩቶቹን ለሁለት ከፈልናቸው። ግማሾቹን እንደ ወረቀቱ አደረግን። የኩሬ ውሃ፣ ግማሽ ቋጠሮ። ውሃው ወይን ጠጅ ሆነና ወዲያው ወደ ቡናማ አዘነበለ። ጫጩቶቹ ትንሽ ሲወራጩ ባለቤቴ አወጣቻቸው። አልሞቱም። ዓርብ ዕለት አየኋቸው፤ ጥጡ ሳስቷል፣ ግን አለ። ቅዳሜ ጠዋት አየኋቸው፤ አሁንም አለ፤ አሁንም ጎናቸውን ከአጎበሩ ጋር ያሻሻሉ። የውሃ አባት የሚመጡት በማግሥቱ ነው።

እዚህ ላይ እኔን ያደረገኝን በትክክል ልጻፈው፤ ማሳመር አልፈልግም። ግማሽ መድኃኒት ግማሽ ድኅነት ነው አልኩ። ትልልቆቹ ሙሉውን ችለው ድነዋል፤ እነዚህም የእነሱ ልጆች ናቸው አልኩ። አገሬ እያለሁ በግ እከክ ሲይዘው ከእነግልገሉ ነበር መድኃኒት የምንነክረው፤ ግልገሉ ይንቀጠቀጥና ይቆማል። ባለቤቴ ለባለሙያዋ ደውል አለችኝ። ስልክ የሚይዘው ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ጉልበቴን ያመኝ ነበር። «ምን ልትለኝ ነው? ጽፋልኛለች እኮ» አልኳት። የጻፈችው ግማሽ፣ ያለችኝም አትጨምር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሌላም አለ። በርሜሉን በኩሬ ውሃ አልሞላሁትም። የኩሬው ውሃ አረንጓዴ ነው፤ ፋንድያና የፋጉሎ ዝቃጭ አለበት። ሐሙስ ዕለት መድኃኒቱ ውስጡ ገብቶ ቡናማ ሲሆን ሳየው የባከነ መሰለኝ። መድኃኒት በጭቃ ውሃ ውስጥ! እኛ የድኅነት ውሃ ስንል ከዐለት የሚፈልቅ፣ ሰው ያልረገጠው፣ ከብት ያልጠጣው ማለታችን ነው። እንስራ ወደ ምንጩ ሰባት ጊዜ አመላልሼ በርሜሉን ሞላሁ። ሙሉውን ቋጠሮ ጨመርኩ። እንዴት ያለ ወይን ጠጅ ሆነ! ቡናማ አልሆነም፤ እንደ ጠራ ቆየ። ደስ አለኝ። ሐሙስ ያልታከሙትን ጫጩቶች በመረቡ ጨመርኳቸው።

ወዲያው ይንፈራገጡ ጀመር። ሐሙስ እንዳየሁት ዓይነት አይደለም። ውሃው የፈላ ይመስል ነበር። ጎን ለጎን ይጋጫሉ፤ ወደ ላይ ይመጡና አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ተገልብጠው ይሰጥማሉ፤ ተመልሰው ይመጣሉ።

«አውጣቸው» አለች ባለቤቴ።

«ተያቸው። እየለቀቃቸው ነው።»

መረቡን ልትነጥቀኝ መጣች። ወደ ኋላ ያዝኩት። «አንተ ሰውዬ፣ እያየሃቸው ነው?» አለች። እያየኋቸው ነበር። አንዱንም አልሳትኩም። ያየሁትን ግን ሌላ ስም ሰጠሁት።

ይህ ስም ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። ጎረምሳ ሳለሁ ራስ ምታት ያዘኝና ወደ ጠበል ወሰዱኝ። የእኛን አገር የጠዋት ውሃ ያልቀመሰ አያውቀውም፤ የቀለጠ በረዶ እንኳ እንዲያ አይቀዘቅዝም። ውሃው ራሴ ላይ ሲወርድ ትንፋሼ ተቆረጠና ተንፈራገጥኩ። ሁለት ጎረምሶች ትከሻዬን ይዘው ነበር። ሊለቁኝ ሲሉ ከኋላ የቆሙ አንድ ሽማግሌ «እንዳትለቁት፣ እየለቀቀው ነው» አሉ። ያዙኝ። ሰባት ቀን እንዲያ ሆንኩ። ራስ ምታቱም ተወኝ። ጠበሉን አልጠራጠርም፤ ጸሎቱንም አልጠራጠርም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽተኛ ሲንፈራገጥ ሕመሙ እየወጣ ነው ብዬ ነው የማምነው። የአገሬ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። ጠበል ዳር የሚጮኸውን ማንም አያወጣውም፤ የሚጮኸው እሱ አይደለማ። እኔ የተረፍኩት ስለቻልኩት እንደሆነ፣ ልክ ስለነበረ እንዳልሆነ ያሰብኩት ግን ከሃምሳ ዓመቴ ወዲህ፣ በርሜል ሥር ተቀምጬ ነው።

መንፈራገጡ ቀነሰ። «አየሽ?» አልኳት፤ «ተረጋጉ።» ትልልቆቹን ያቆየሁትን ያህል አቆየኋቸውና በመረብ አወጣኋቸው። ኩሬው ውስጥ ስጨምራቸው እንደ ገለባ ተንሳፈፉ። ጥቂቶቹ አፋቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈቱ። ከቀትር በፊት ሁሉም አለቁ። ባለቤቴ በጎድጓዳ ሳህን ለቀመቻቸው። ወፎች እንዳይበሏቸው ነው አለች፤ መድኃኒቱ ወፉን እንዳይገድለው። ለወፉ አሰበች።

ከሰዓት በኋላ ልቅበራቸው ዶማ አነሳሁ። ከቀበርኳቸው ነገ የሚታዩት ሐሙስ የታከሙት ብቻ ናቸው፤ ቁጥራቸው ያንሳል እንጂ በሕይወት አሉ። ማን ያውቃል? ባለቤቴ ሳህኑን አልሰጠችኝም። «ትቀብርና ነገ ምን ትላቸዋለህ?» አለች። አላልኩም እንጂ መዋሸቱን አስቤ ነበር። ያስቀረኝ ጨዋነት አይደለም። ደክሞኝ ነበር። ውሸት ጉልበት ይፈልጋል፤ ዛሬ የተናገርከውን የዛሬ ዓመት መድገም አለብህ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። የውሃ አባት ከነነጠላቸው፣ ከኋላቸው ስምንት ያህል ተካፋዮች፤ ሽንኩርት ተካዩም አለ። የውሃ አባት መጀመሪያ በሕይወት ያሉትን አዩ፤ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ ሳህኑን አዩ። ባለቤቴ ከደጃፉ አስቀምጣው ነበር፤ አልሸፈነችውም።

«እነዚህስ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ቋጠሮውን፣ የምንጩን ውሃ፣ የባለሙያዋን ወረቀት፣ ሁሉንም። ሽንኩርት ተካዩ አላስቻለውም። «ዳዊት መድገሙ አንሶ! እንደ በግ ነከራቸው እኮ» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም በቦታቸው ብሆን እስቅ ነበር፤ ጥሩ አባባል ነው።

የውሃ አባት አልሳቁም። «ሲንፈራገጡ አላየህም?»

«አይቻለሁ፣ አባቴ።»

«ታዲያ?»

«እየለቀቃቸው መስሎኝ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። እዚያ ከቆመው ሰው ውስጥ ጠበል ዳር የሰው ትከሻ ይዞ የማያውቅ አልነበረም። የውሃ አባት በትራቸውን ሲያዞሩ ቆዩ። ሰማንያ የሞላቸው ሰው ናቸው፤ በሕይወታቸው ስንቱን እንደያዙ እሳቸው ያውቃሉ።

«እኔም ብሆን አላወጣቸውም ነበር» አሉ።

ለአፍታ ተስፋ አደረግኩ። ይህን የተናገረ ሰው ውሃውን አይወስድብኝም ብዬ ነው። ተሳስቻለሁ። የውሃ አባት ሳህኑን ተሻግረው ወደ ቦዩ ሄዱና፣ ጫጩቱ ለመጪው ዓመት እንደማይበቃ፣ የተረፈውም ጥጡ ጨርሶ እንዳልለቀቀው፣ ቃሉ ደግሞ ጤነኛና የሚተካ የሚል እንደነበረ ተናገሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ስለ እኔ ጥፋት አንድ ነገር አልተናገሩም። ውሃው ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ወደ ሽንኩርቱ እንደሚሄድ ወሰኑ። ይህ ፍርድ ልክ ነው። ልክ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ልክ መሆኑ ግን አያበላኝም። እንዲያውም ሰድበውኝ ቢሆን ይሻል ነበር። «እኔም ብሆን» ያሉትን ነገር የት እንደማደርገው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ዳገቱን ወጥቼ ደወልኩ። ቅዳሜ ያመመኝ ጉልበት ሰኞም ያመኝ ነበር፤ ወጣሁ። ባለሙያዋ ማክሰኞ በጠዋት ደረሰች። የተረፉትን ጫጩቶች በሁለት ጀሪካን አድርጋ ከወንዙ ማዶ ላለ ለሌላ ገበሬ ልትወስድ ነው። ትቆጣለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጣችም። በርሜሉን ጠየቀችኝ፤ በየትኛው ውሃ እንደሞላሁት።

«በምንጩ» አልኳት። «በጠራው።»

ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ ያ የኩሬው ቆሻሻ ነበር የሚያድናቸው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ዝቃጩን ነው የሚበላው፤ የተረፈው ነው ዓሣው ላይ የሚደርሰው። ቡናማ የሆነው ለዚያ ነው። በጠራ ውሃ የሚበላው ነገር ሲያጣ ሁሉም እነሱ ላይ ወረደ።»

«ወረቀቱ ላይ የኩሬ ውሃ ይላል። ለምን እንደሆነ ግን አይልም።»

«አይልም» አለች። ቀስ ብላ። «ልጽፈው ይገባ ነበር።»

ልጅቷን እንዲህ ማስባሌ አሳፈረኝ። ለምን እንደሆነ ብትጽፈውስ? ግማሽ የሚለውንም ጽፋ ነበር፤ አውጣ የሚለውንም ጽፋ ነበር። እኔ ምክንያቱን ሳላውቅ የታዘዝኩትን የማደርግ ሰው አይደለሁም፤ ምክንያቱን ሳውቅም ሌላ ምክንያት የምፈልግ ነኝ። ጀሪካኖቹን ሞተሩ ላይ አስሬላት ሄደች። ጥጡስ እንዴት ይሁን ስላት በሚቀጥለው ሳምንት ግማሽ ቋጠሮ ይደገማል፣ ከዚያ በሳምንቱ ይለቃቸዋል ብላኝ ነበር። ሁለት ሳምንት። ከቅዳሜ ጀምሮ የሚያስፈልገኝ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። የውሃ አባትን ብለምናቸው ይሰጡኝ ነበር ወይ? አልለመንኳቸውም። ሊሰጡኝ የሚችሉትን ሳልጠይቅ፣ ጫጩት የማይችለውን ጠየቅኩት።

በእኛ ልማድ ውሃ የተወሰደበት ሰው ውሃውን ያቆመበትን ግድብ የሚቆርጠው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ከቆረጠው ተሰረቀ ይባላል፤ ልጅ ለልጅ ይጣላበታል። ከቀትር በፊት ተሰበሰቡ። ትልልቆቹን ዓሦች አስቀድመን አውጥተን ለተካፋዮቹ አከፋፈልናቸው። ሽንኩርት ተካዩ ሁለት ደረሰው፤ እንዴት እንደሚጠበስ ባለቤቴን ሲጠይቃት ሰማሁት። ነገረችው። ጨዋ ሴት ናት።

ዶማውን አነሳሁና ግድቡን በታችኛው በኩል ቆረጥኩት። አፈሩ ራሴ የደለደልኩት ስለሆነ ጠንካራ ነበር፤ ብዙ ደበደብኩት። ሲከፈት ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ወረደ፤ ሰዎቹ አብረውት ወደ ታች ሮጡ፤ ቦዩ እንዳይሞላባቸው፣ ሽንኩርቱን እንዳያጥበው አካፋ ይዘው። የውሃ አባትም በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተከተሉ። ባለቤቴ መረቡን ጠቅልላ ወደ ቤት ገባች።

እኔ ውሃው እስኪያልቅ ቆምኩ። ምናልባት አጎበሩ ጥግ አንድ ሁለት ጫጩት ቀርቶ ይሆናል ብዬ ወደ ጭቃው ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። በእጄ ዳሰስኩ፤ የቀረ አልነበረም። ለመውጣት ብዙ ታገልኩ። የሚጎትተኝ ሰው ሁሉ ውሃውን ተከትሎ ወርዶ ነበር።